ፕላዝማን ማቆም አይቻልም ነበር፣ አዲሱን ስክሪን እንዴት እንያዘው? (እስከ 30ኛው መልስ)

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው የከፈትኩት ጥያቄ 30 መልስ ደርሷል፣ በየመሃሉ የሚገባው ሰው ደሞ ምን ላይ ደረሳችሁ እያለ በውስጥ መስመር ስለሚጠይቀኝ ከላይ እስከ ታች የተባለውን በራሴ አነጋገር ልጻፈው ብዬ ነው። ቃል በቃል አይደለም፣ ያዛባሁት ካለ አርሙኝ።

መነሻው ፖስት (የኔ)

እኔ የ11ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፣ ጎጃም ውስጥ፣ አንዱ ክፍሌ 62 ተማሪ አለው። ዘንድሮ ትምህርት ቤታችን አንድ ትልቅ ስማርት ቦርድ በእርዳታ አገኘ፣ በጣት የሚነካ፣ የሚጻፍበት፣ ቪዲዮ የሚያሳይ። ሁሉም ደስ ብሎታል፣ እኔም ብሎኛል፣ ግን ሳጥኑ ሲከፈት ሆዴን አንድ ነገር ነካው ምክንያቱም በ1997 9ኛ ክፍል ስገባ እንደዚሁ ሳጥን ሲከፈት ቆሜ አይቻለሁ። ፕላዝማ፣ በየክፍሉ የተሰቀለው የትምህርት ቴሌቪዥን፣ የመጣ ጊዜ ማለቴ ነው።

ያኔ ላልነበራችሁ ልጆች፦ ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት ነው የሚመጣው፣ አገር ምድሩ ላይ ያለ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በአንድ ሰዓት አንድ ትምህርት ያያል። ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን ፕላዝማው ይወስዳል፣ አስተማሪያችን መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚደርሳቸው። ጥያቄ ይመጣል፣ ሁለት ደቂቃ ይሰጣችኋል ይባላል፣ እኛ ገና ጥያቄውን ገልብጠን ሳንጨርስ መልሱ መጥቶ ይሄዳል። የ11ኛ ክፍል የፊዚክስ ደብተሬ እስከዛሬ እናቴ ቤት አለ። ጥያቄው ተጽፏል፣ መልሱ ቦታ ላይ ባዶ ነው፣ ቀጥሎ ሌላ ጥያቄ፣ እሱም ስሩ ባዶ። ገጽ በገጽ እንደዛ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ፦ ይሄንን አዲስ ስክሪን እንዴት አድርገን ነው አስተማሪው እጅ ላይ የምናቆየው? አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር፣ አስተማሪው ቆይ ብሎ ሊያቆመው የማይችል ማሽን ክፍል ውስጥ መግባት የለበትም። ፕላዝማ ደሞ ለኛ አገር የመጀመሪያው የክፍል ቴክኖሎጂ ስለነበር ከሱ ነው መማር ያለብን ብዬ ጨረስኩ።

መልሶቹ

1ኛ መልስ ደሴ አካባቢ ከሚያስተምሩ የባዮሎጂ መምህርት ነው። አመስግነው ጀመሩ፣ እሳቸው ትምህርት ቤት የፕላዝማው የብረት ሳጥን ዛሬም ግድግዳው ላይ እንዳለ፣ ውስጡ ባዶ ሆኖ የጠመኔ ማስቀመጫ እንደሆነ ጻፉ። ቀጥለው ስክሪኑ ኢንተርኔት የግድ ይፈልጋል ወይስ በፍላሽ ይሰራል ብለው ጠየቁኝ። በፍላሽም ይሰራል።

2ኛ፣ ማርካው ምንድነው የሚል ብቻ። በውስጥ መስመር መለስኩለት።

3ኛው እኔን ያረመኝ ነው፣ እውነታቸውን ነው። ከ30 ዓመት በላይ አስተምረው ጡረታ የወጡ ጋሼ ናቸው፣ ፕላዝማ የመጀመሪያ ነው ማለቴ ስህተት እንደሆነ በትህትና ነገሩኝ። ከሱ በፊት የትምህርት በሬዲዮ ነበረ፣ በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ሬዲዮ አብሮ እንደዘመተ፣ ዘመቻው ወደ 15 ቋንቋ እንደደረሰ፣ ዓለም አቀፍ ሽልማት እንዳስገኘ አስታወሱን። ከሁሉ የያዝኩት ግን ሌላ ነው። ሬዲዮም አይቆምም ነበር፣ እሱም በሰዓቱ መጥቶ በሰዓቱ ይሄዳል፣ ነገር ግን እሳቸው ጋ የመምህሩ መምሪያ ቀድሞ በእጃቸው ስለሚደርስ ሬዲዮው ከመከፈቱ በፊት ምን እንደሚል ያውቃሉ፣ አዲሱን ቃል ቀድመው ሰሌዳ ላይ ጽፈው ልጆቹን አዘጋጅተው ይጠብቁታል። ሬዲዮው የሳቸውን ትምህርት ይደግፋል እንጂ እሳቸው ሬዲዮውን አይደግፉም ነበር። ይሄን እኔ አላሰብኩትም፣ ማቆሚያ ባይኖር እንኳ ቀድሞ ማወቅ ራሱ ግማሽ ማቆሚያ ነው።

4ኛው ፕላዝማን ሊከላከል የመጣ ነው፣ ጥሩ አድርጎ ነው የተከላከለውም። አሁን ኢንጂነር ነው፣ የተማረው ሩቅ ወረዳ ነው፣ ያኔ ትምህርት ቤቶች በብዛት ሲከፈቱ የፊዚክስ መምህር አልነበራቸውም፣ አንድ የታሪክ አስተማሪ ነበሩ ፊዚክሱንም ደርበው የሚይዙት። ላቦራቶሪ የሚባል ክፍል ተቆልፎ ነው የሚያውቀው፣ ሌንስ ብርሃን ሲሰበስብ፣ አሲድና ቤዝ ሲቀላቀሉ ቀለም ሲቀየር ያየው በፕላዝማ ብቻ ነው። እንደኔ አይነቱ ጥሩ መምህር የነበረው ሰው ፕላዝማን ሲያማርር ሲሰማ ያመዋል። ተቀበልኩት፣ አሁንም እቀበለዋለሁ።

5ኛው ለ4ኛው የተሰጠ ነው፣ ጠንከር ያለ። አንተ ከስልሳው አንዱ ነህ፣ የሃምሳ ዘጠኙን ማን ይናገርላቸው አይነት ነገር ነው። የጻፈችው ልጅ ወንድም በዛው ዓመት ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ምንም ሳይሰማ ሁለት ዓመት ጨርሶ 10ኛ ክፍል ፈተና እንደወደቀ፣ ቤተሰቡ ልጁን ሰነፍ ነው ብሎ እንደደመደመ፣ እሱም ራሱን እንደዛ አምኖ እንደቀረ ጻፈች። ኢንጂነሩ ወዲያው መልሶ ይቅርታ ጠየቃት (6ኛ)፣ ወንድሟን ሰነፍ ለማለት አልነበረም።

7ኛ የቋንቋውን ጉዳይ አነሳ፣ የእንግሊዝኛ መምህር ናቸው። ከ1986ቱ ፖሊሲ ጀምሮ ታች ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይማራል፣ በብዙ ቦታ 9ኛ ሲገባ ሁሉም በአንዴ እንግሊዝኛ ይሆናል፣ ይሄ ለብቻው ከባድ ነው፣ እዛ ላይ ደሞ የማያውቀው የደቡብ አፍሪካ አነጋገር፣ ፈጣን፣ ድገሙልኝ የማይባል። አስተማሪ እንግሊዝኛ ሲያስተምር የተማሪውን ፊት አይቶ ፍጥነቱን እንደሚቀንስ፣ ሳያስበው አማርኛ ጣል እንደሚያደርግ፣ ይሄ ደሞ የአስተማሪ ድክመት ሳይሆን ስራው ራሱ እንደሆነ አብራሩ። እኔም ክፍል ውስጥ አክስለሬሽን ብዬ ጽፌ ባጃጅ ከፌርማታ ሲነሳ ብዬ ነው የማስረዳው፣ አላፍርበትም።

8ኛው የማላውቀውን ነገር አመጣ። በዛ ዘመን ያስተማረ ነው፣ ሳተላይቱ የማንንም ደወል አይጠብቅም፣ የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት አስር ደቂቃ ከረዘመ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አስር ደቂቃ ተቆርጦ ነው የሚጀምረው፣ መብራት ከሄደ ደሞ የዛን ቀን ትምህርት ሄደ ማለት ነው። ከዛ ስለራሱ ጻፈ፣ ሳነበው ከበደኝ። ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ተምሮ ክፍል ውስጥ ስራው ማብራትና ማጥፋት ሆነ፣ ተማሪዎቹ ጥያቄ ሲኖራቸው እንኳ ወደ እሱ ማየት ተዉ፣ መኪና ጥገና ልማር ብሎ ሊለቅ ነበር። ያልለቀቀው አንድ ተማሪ ከትምህርት ሰዓት በኋላ የዛሬው አልገባኝም ብሎ ስለመጣ ነው፣ በሁለተኛው ቀን አራት ሆነው መጡ፣ ከዛ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ዛፍ ስር ያስተምር ጀመር።

9፣ 10 እና 11 ስለ ደሞዝ ናቸው። ወሬው እውነት ነው፣ ቦታው ግን እዚህ አልነበረም፣ አድሚን ለብቻው ሌላ የውይይት ክር ከፍቶላቸዋል።

12ኛ አዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት የምታስተምር የኬሚስትሪ መምህርት ናት። በየሳምንቱ አጭር ቪዲዮ በስልኳ ትቀርጻለች፣ ቴሌግራም ላይ ትለቃለች፣ ተማሪዎቹ ቤት አይተው ይመጣሉ፣ ክፍል ውስጥ ጥያቄ ብቻ ይሰራሉ፣ ማን ምን እንደሳተ በጎግል ፎርም ወዲያው ታያለች። በደንብ አድርጋ ደረጃ በደረጃ ጻፈችው፣ ብዙ ሰው ሴቭ አድርጎታል።

13ኛው ግን ተቆጣ። ከወሎ ገጠር ነው የሚጽፈው። የናንተ ተማሪ እየከፈለ ይማራል፣ የኛ ተማሪ በ2015 አዲሱ ስርዓተ ትምህርት ሲመጣ የታተመ መጽሐፍ ሳያይ ነው ዓመቱን የጨረሰው፣ ፒዲኤፍ ተባለ፣ ፒዲኤፉን ለመክፈት ስልክ ያለው ከክፍሉ ሰባት ልጅ ነው፣ እሱም የእናቱ ስልክ ነው፣ እናት ገበያ ስትሄድ መጽሐፉም አብሮ ገበያ ይሄዳል። በመጋቢት 2012 በኮሮና ትምህርት ቤት ሲዘጋም ከተማው በቴሌግራም ተማረ፣ የሱ ተማሪዎች ግን ከብት ጠበቁ፣ ከሴቶቹ አንዳንዶቹ ተድረው ቀሩ፣ ትምህርት ቤት ሲከፈት ስማቸው ሲጠራ አቤት የሚል ጠፋ። መጨረሻ ላይ የጻፈው ለሷ የማይገባ ስድብ ነበረበት፣ አድሚን እሱን ብቻ አጥፍቶ የቀረውን ተወው። ትክክል ነው ያደረገው፣ የቀረው መነበብ አለበት።

14ኛ የኬሚስትሪ መምህርቷ መልስ ነው። እሷ ብሆን በዚህ እርጋታ የምመልስ አይመስለኝም። የመጀመሪያ አምስት ዓመቷን ገጠር ነው ያስተማረችው፣ እዛ የነበራት አንድ የራሷ ስልክና አንድ ብሉቱዝ ስፒከር ነው። የክፍሉን ትምህርት በድምጽ ትቀዳለች፣ ዓርብ ዓርብ ስልክ ላላቸው ሰባት ስምንት ልጆች በብሉቱዝ ትልካለች፣ ካርድም ዳታም አይፈልግም፣ እያንዳንዱ ልጅ ደሞ ሰፈሩ ያሉ አምስት ልጆችን ሰብስቦ የማሰማት ግዴታ አለበት። ማን ከማን ጋ እንደሚያዳምጥ ደብተር ላይ ተጽፎ ነበር። ለወሎው መምህር ወንድሜ ብላ ነው የጻፈችው፣ ልጆቹ ተድረው ቀሩ ያልከው ግን እኔ የምመልሰው ነገር አይደለም አለችው። እሱም ከሁለት ሰዓት በኋላ ይቅርታ ጠየቀ።

15ኛው ወሬውን ወደ ታብሌት ወሰደው። በ2012 እንደ ፈረንጆቹ ማለት ነው፣ አንድ የአሜሪካ ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ፊደል ላልቆጠሩ ልጆች በፀሐይ ኃይል የሚሞላ ታብሌት አስተማሪ ሳይኖር ሰጥቶ እንደነበር፣ ልጆቹ በራሳቸው ከፍተው፣ ከወራት በኋላ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ሳይቀር አስከፍተው እንደተገኙ፣ ስለዚህ አስተማሪው ለምን እንዲህ እንደሚያሳስበን እንዳልገባው ጻፈ። የኛ ልጆች ጭንቅላት ይችላል ለማለት ከሆነ ልክ ነው፣ አስተማሪ አያስፈልግም ለማለት ከሆነ ግን አልስማማም።

16ኛ አረመው። ልጆቹ ብቻቸውን አልነበሩም፣ በየሳምንቱ እየሄደ ሚሞሪ ካርዱን የሚቀይር ሰው ነበር፣ ማን ምን እንደነካ የሚከታተል ባለሙያም ነበር፣ ያ ሁሉ ሰው ከጀርባ ሆኖ ነው። ካሜራ መክፈትና ክፍልፋይ መደመር ደሞ የተለያየ ነገር ነው።

17ኛ ስቶክሆልም የምትኖር እህታችን ናት። ስዊድን በ2023 ስክሪን በዛ ተብሎ ለታተመ መጽሐፍ መንግሥት ገንዘብ መደበ፣ ትንንሾቹ ልጆች እንደገና በእጅ ወደ መጻፍ እየተመለሱ ነው፣ የዩኔስኮም የዛው ዓመት ሪፖርት ቴክኖሎጂው ለማን እንደሚጠቅም ሳይጠየቅ አይግባ የሚል ነው። የሷ ምክር መጽሐፍ ይቅደም ነው።

18ኛው ቁጡ ነበር፣ ያልደረስንበትን ተመለሱ አትበሉን አላት። አንዱ ዘሎ የሄደበትን ሌላው ገና ሊጀምር ሲል አይሆንም ይባላል፣ መጽሐፍም የለን ስክሪንም የለን። እኔ የተረዳኋት ግን እሷ ያለችው ለኛ ከሁሉ የሚቀርበውን ነው። ለ62 ልጅ 62 የፊዚክስ መጽሐፍ ወይ አንድ ስማርት ቦርድ ምረጥ ብባል መጽሐፉን ነው የምወስደው፣ ሳላመነታ። መጽሐፍ ልጁ ራሱ ያቆመዋል፣ ራሱ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ግን ምረጥ ያለኝ የለም፣ የመጣው ስክሪን ነው።

19ኛ ሜሪላንድ የምትኖር እናት፣ ልጆቿ ትምህርት ቤት ክሮምቡክ የሚባል ላፕቶፕ ተሰጥቷቸዋል፣ ማታ ከስራ ስትገባ የቤት ስራ መግባት አለመግባቱን በስልኳ ታያለች፣ እሱን ትወደዋለች። ትንሹ ግን ሒሳብ ከፍቶ ከጀርባው ጌም ይጫወታል፣ መምህሩ በራሳቸው ኮምፒውተር የሁሉንም ስክሪን እያዩ እንኳ ሁሉን አይደርሱበትም።

20ኛው ላይ ክሩ ሊበላሽ ነበር። አንዱ መጥቶ በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዛ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነው፣ ይሄን ያመጣው ስልክ ነው፣ ቲክቶክ ነው፣ እናንተ ደሞ ጭራሽ ስክሪን ወደ ክፍል ልታስገቡ ነው ብሎ ደመደመ። 21ኛው በሃይለኛው መለሰለት፣ ውጤቱ በአንድ ዓመት የወደቀው ልጆቹ በአንድ ዓመት ስለደነቆሩ አይደለም፣ ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ተቆጣጣሪ ተጠናክሮ ስለተሰጠ ነው። በ2008 ፈተናው ወጥቶ በሶሻል ሚዲያ ተበትኖ ተሰርዞ እንደገና እንደተሰጠ፣ ከዛ በኋላ በፈተና ሰሞን ኢንተርኔት ይዘጋ እንደነበር የረሳ ካለ ይመለስ አለ። የድሮው ውጤት ነው የዋሸን፣ የአሁኑ እውነቱን ነገረን፣ ይሄ ነው ክርክሩ። እኔ ከሱ ጋ ነኝ። 22 እና 23 ላይ ሁለቱ ተሰዳደቡ፣ አድሚን አጥፍቷቸዋል፣ እኔም እባካችሁ ወደ ክፍላችን እንመለስ ብዬ ጻፍኩ።

ከዛ 24ኛ። በ2016 የ12ኛ ክፍል ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች በኦንላይን ሲሰጥ ተማሪ አጅቦ ሄዶ የነበረ መምህር ነው። ትምህርቱን በደንብ የሚችል ልጅ ማውሱን ይዞ እጁ ሲንቀጠቀጥ እንዳየ፣ የመረጠው መልስ ሳያስበው ይቀየርብኝ ይሆን ብሎ ፈርቶ አንዱን ጥያቄ አምስቴ ስድስቴ እየተመለሰ እንዳየ፣ ጊዜው እንዳለቀበት ልጁ ራሱ እንደነገረው ጻፈ። ያንን ልጅ ከፈተናው በፊት አስር ሰዓት ኮምፒውተር ላይ ቢያስቀምጡት ይበቃው ነበር። ትምህርት ቤታቸው ኮምፒውተር ነበረው፣ ክፍሉ ግን ተቆልፎ ነው የኖረው።

ይሄ ተቆልፎ የሚለው ነገር ነው ቀጣዩን ያመጣው፣ ከጠቅላላው ክር እኔን ያስተማረኝም እሱ ነው። 25ኛው ላይ አንድ የንብረት ክፍል ሰራተኛ ገቡ። መምህር አይደሉም፣ እህታቸው መምህርት ስለሆኑ ሲያነቡ ቆይተው ነው። እኛ ሁሌ ንብረት ክፍሉን እናማለን፣ ቁልፍ ይዞ አልሰጥም ይላል እንላለን። እሳቸው በሳቸው በኩል ያለውን አስረዱ። ዕቃው ሲገባ በሞዴል 19 እሳቸው ይረከባሉ፣ ሲወጣ በሞዴል 22 አንድ ሰው ፈርሞ ይወስዳል። መምህሩ ለ40 ደቂቃ ክፍል ልጠቀምበት ብሎ ሲመጣ ግን ማንም በስሙ መፈረም አይፈልግም፣ ፈርሞ ልጅ ቢሰብረው ከደሞዙ ሊቆረጥበት ነው፣ ሳይፈረም ከወጣ ደሞ ኦዲት ሲመጣ ተጠያቂው እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ለሁሉም የሚሻለው ዕቃው ካርቶኑ ውስጥ መቆየቱ ሆነ። ማንም ክፉ አይደለም፣ ሁሉም ራሱን ነው የጠበቀው፣ በመሃል ዕቃው አርጅቶ ይወገዳል። አንድ ቦታ እንዲህ ተቀምጠው ሳይከፈቱ ባትሪያቸው የሞተ ላፕቶፖች እንዳዩ ጻፉ።

መፍትሄም አላቸው። ዕቃው በአንድ መምህር ስም ሳይሆን በትምህርት ክፍሉ ስም ይውጣ፣ አስተዳደሩ በአገልግሎት ላይ እያለ የደረሰ ብልሽት የሚታይበትን አሰራር በቃለ ጉባኤ አስቀድሞ ይወስን፣ ስክሪኑ አጠገብ በክር የታሰረ ደብተር ይቀመጥ፣ የገባው መምህር ስሙን፣ ሰዓቱን፣ ዕቃው በምን ሁኔታ እንዳገኘው ይጻፍ። አለቀ። እኔ ይሄን ፕሪንት አድርጌ ለርዕሰ መምህራችን ሰጥቻለሁ፣ ሰኞ ስብሰባ ላይ ይቀርባል። አስተማሪው እጅ ላይ እንዴት እናቆየው ብዬ ስጠይቅ የአጠቃቀም ዘዴ ነበር የመሰለኝ፣ ለካ መጀመሪያ ቁልፉ ነው፣ ፊርማው ነው።

26ኛ አጭርና ጠቃሚ፣ አይቲ የሚያስተምር ልጅ ነው። ኮሊብሪ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፣ አንድ ላፕቶፕ ላይ ከነቪዲዮው ከነጥያቄው ይጫናል፣ ኢንተርኔት ሳይኖር በዋይፋይ ለክፍሉ ስልኮች ያዳርሳል። ለፊዚክስ ደሞ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጀው ፌት የሚባል በስክሪን ሙከራ የሚሰራበት ፕሮግራም፣ እሱም በነጻ፣ አውርደህ ያለ ኢንተርኔት ትከፍተዋለህ፣ የሰርኪዩቱን ሽቦ በጣትህ ትቀጥላለህ፣ አምፖሉ ይበራል። ፌትን ሞክሬዋለሁ፣ በፈለግክበት ይቆምልሃል፣ አንድ ተማሪ ሰሌዳው ጋ ጠርተህ አንተ ቀጥል ትለዋለህ፣ ሲሳሳት ክፍሉ ያርመዋል።

27ኛ ዓይነ ስውር ተማሪዎችን የሚደግፉ መምህርት ናቸው። ውይይታችን ሁሉ ስለሚታይ ነገር እንደሆነ አሳሰቡን። በፕላዝማ ዘመን የነበረ አንድ ተማሪያቸው በሒሳብ ክፍለ ጊዜ አቅራቢው ይሄ ከዚህ ጋ ሲደመር ይሄን ይሰጠናል እያለ ሲጠቁም ይሄ የሚባለው ምን እንደሆነ የሚነግረው ሰው እየፈለገ ከጎኑ ያለውን ልጅ ስለሚያስቸግር ከክፍል ወጥቶ ይቀመጥ ነበር። ስማርት ቦርድ ላይም ዝም ብለን እየጠቆምን ካስተማርን ያው ነው። እጃችሁ የሚያሳየውን አፋችሁ ይናገር አሉን። ይሄን ከሰማሁ ጀምሮ ክፍል ውስጥ ራሴን እያዳመጥኩ ነው፣ ይሄ ከዛ እኔም በጣም አበዛለሁ።

28ኛው ላይ እኔ ነኝ የገባሁት። ቅዳሜ እናቴ ጋ ሄጄ ደብተሩን አወጣሁትና አንዱን ገጽ ፎቶ አንስቼ ለጠፍኩ። 1999፣ 11ኛ ክፍል፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ። ከ45 ሜትር ገደል ጫፍ ላይ ድንጋይ በአግድም በ20 ሜትር በሰከንድ ቢወረወር ከገደሉ ስር ምን ያህል ርቆ ያርፋል የሚል ነው፣ ስሩ ሶስት መስመር ባዶ። አሁን እኔ እንደምሰራው ይታወቃል፣ በየዓመቱ አስተምረዋለሁ። የለጠፍኩት ያኔ ምን እንደቀረን እንድታዩልኝ ነው።

29ኛ 8ኛው ላይ የጻፈው መምህር ነው፣ ዛፍ ስር ያስተምር የነበረው። ስድስት ደቂቃ የሚሆን የድምጽ መልእክት ላከ። ለኔ አይደለም፣ በዛ ዓመት 11ኛ ክፍል ለነበረ ሁሉ ብሎ ነው የጀመረው። ሁለት ሳንቲም አምጡ ይላል፣ አንዱን ጠረጴዛ ጫፍ ላይ አስቀምጣችሁ በጣታችሁ ወደ ፊት ምቱት፣ ሌላውን በዛው ቅጽበት ዝም ብላችሁ ከጠረጴዛው ጫፍ ልቀቁት፣ አትዩ፣ አዳምጡ። ሁለቱ አንዴ ቂው ይላሉ። ወደ ፊት መሄዱ መውደቁን አያዘገየውም ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ገደሉን ብቻ አስቡ፣ 45 ሜትር ለመውደቅ፣ የመሬት ስበት 10 ብንይዝ፣ ሶስት ሰከንድ ይፈጅበታል። በሶስት ሰከንድ ውስጥ በየሰከንዱ 20 እየሄደ፣ 60። በአማርኛ ነው የተናገረው፣ ቀስ ብሎ፣ በመሃል ዶሮ ሲጮህ ይሰማል። ጠረጴዛው ጋ ተቀምጬ ሁለት ብር ሳንቲሞች ይዤ፣ ድምጹን እያቆምኩ፣ እየመለስኩ፣ ባዶዎቹ ሶስት መስመሮች ላይ ጻፍኩት። እርሳስ ነው የተጠቀምኩት፣ እስክሪብቶው እንዲለይ። ፎቶውን መልሼ ለጥፌያለሁ።

30ኛው ዛሬ ጠዋት የገባ ነው፣ 12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ ትላለች። መልሱ ላይ 60 ብቻ ነው የተጻፈው፣ ሜትር የሚለው ተረስቷል፣ ዩኒት ካልተጻፈ ፈተና ላይ ነጥብ ይቆረጣል ብላ አረመችኝ። ጨምሬበታለሁ።